ጋሽ ቦሩ የፈረሙበት ቅጽ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ መንፈስ ምናምን የሚባል ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እዚሁ አራዳ ተወልጄ ያደግኩ፣ እናቴ በየማለዳው ጠበል ስትረጭብኝ «እማ፣ ሸሚዜን አበላሸሽው» እያልኩ የምስቅ ሰው ነኝ። ሥራዬም ቢሆን ቁጥር ነው። ብሔራዊ ፓርኮችና ጥብቅ ደኖች ምን ያህል በደንብ እንደሚተዳደሩ እንገመግማለን፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ አለ፣ ደምረህ ሪፖርት ትጽፋለህ፣ በቃ።

ቢሯችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ እስካሁን ካልፈረሱት አሮጌ ቤቶች የአንዱ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው እንጨት ስለሆነ ድመት እንኳን ስትወጣ ይሰማሃል። ደንቡ ቅጹ እዚያው ፓርኩ ውስጥ፣ ስካውቶቹ፣ ጠባቂዎቹ ማለቴ ነው፣ ባሉበት እንዲሞላ ነው፣ እነሱም መጨረሻ ላይ በአሻራቸው ይፈርማሉ። እኛ ግን፣ ምን ልደብቅህ፣ ጊዜ ሲያጥረን ያምናውን ቅጽ አውጥተን እንገለብጥና የድሮውን የአሻራ ወረቀት ኮፒ አድርገን እናያይዛለን። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል።

ያን ቀን ሐምሌ ነበር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ጸሐፊያችን ሮማን ቦርሳዋን ይዛ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ የአንድ ቆላ ፓርክ ቅጽ እገለብጣለሁ። «የጥበቃ ሠራተኛው ቁጥር በቂ ነው?» ይላል፣ አምና ሁለት ተብሏል፣ ሁለት ማለት «በመጠኑ በቂ» ነው፣ እኔም ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ደረጃው ተንቋቋ። ቀስ ያለ እርምጃ፣ ከዚያ የዱላ ድምፅ፣ ደግሞ እርምጃ።

«ማነው በዚህ ዝናብ?» አለች ሮማን።

የገቡት ጋሽ ቦሩ ናቸው። የዚያው ፓርክ ስካውት ናቸው፣ አንዴ ለሥራ ሄጄ የታችኛው ኬላ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፣ አውራ ጣታቸውን የሚያቋርጥ የገጀራ ጠባሳ ስላላቸው አልረሳቸውም። እንግዲህ ልብ በል፣ ውጭ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ ካኪ ካፖርታቸው ደረቅ ነው፣ ከጉልበታቸው በታች ግን ወንዝ የተሻገሩ ያህል ርሰዋል፣ ሱሪያቸው ላይ ጭጎጎት ተጣብቋል። ፒያሳ ላይ ጭጎጎት የት አለ?

ሮማን ወንበር ሳበችላቸው፣ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ መቼ መጡ?» አልኳቸው።

«ኬላውን ባዶ ትቼ ነው የመጣሁት፣ አልቆይም» አሉ። «ልጄ፣ ስለኛ የጻፍከውን እስቲ አንብብልኝ።»

እያፈርኩ አነበብኩላቸው። አዳመጡና «ጓደኛዬ ከፋሲካ ወዲህ ታሞ አገሩ ገብቷል፣ ብቻዬን ነኝ። እንጨት ቆራጮቹ ይህን ያውቃሉ። አንተ በቂ ነው ካልክ ሰው የሚልክልኝ የለም» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አስተካክለዋለሁ ጋሼ» አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወይን ጠጅ የማኅተም ቀለም ሳቡ፣ አውራ ጣታቸውን ነክረው ቅጹ ግርጌ ላይ ተጫኑና ወጡ። ዱላው እስከ ደረጃው መሃል ተሰማ፣ ከዚያ በኋላ የለም። ሮማን ጃንጥላ ልትሰጣቸው ሮጣ ወረደች፣ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የገባም የወጣም ሰው አላየሁም አላት።

ጠዋት የፓርኩ ኃላፊ ጋ ደወልኩ።

«ጋሽ ቦሩ?» አለኝ። «ወንዙ ድልድዩን ከወሰደው አምስት ቀኑ፣ ሰውየው ማዶ ኬላቸው ላይ ናቸው፣ በሬዲዮ ብቻ ነው የምናገኛቸው።»

«ደህና ናቸው?»

«አሁን አውርተናል። ‹ለልጁ ነግሬዋለሁ፣ ሰው ይመጣል› ይላሉ፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ እንጃ።»

ስልኩን ዘጋሁ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁለት ያልኩትን ነጥብ ዜሮ ላድርገው አልኩት። «ነጥቡ በአንዴ ከወረደ ጥያቄ ይመጣብናል፣ ዘንድሮ ይለፍ፣ ለከርሞ እናስተካክላለን» አለኝ። ስለ አሻራው ምን ብዬ ልንገረው? አሻራው ያለበትን ቅጽ ፋይል ውስጥ ሸጎጥኩና ሌላ ንጹሕ ቅጽ ላይ ሁለት ብዬ አስገባሁ። እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ በማንም አላላክክም።

በሦስተኛው ሳምንት ሬዲዮው ዝም አለ። ውሃው ሲጎድል ሰዎች ተሻግረው ሄዱ፣ ጠመንጃቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ጋቢያቸው ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ በኬላው ዙሪያ የነበረው ዛፍ ተቆርጧል፣ እሳቸው ግን የሉም። እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ይኸው ዓመት ሞላ። ዛሬ የዚያው ፓርክ ቅጽ መጣ፣ ያው ጥያቄ። ሮማን የድሮውን ፋይል ስታወጣልኝ ያ ወረቀት እጇ ገባ፣ ጠባሳው ያቋረጠውን አሻራ ነካችና ጣቷን አሳየችኝ፣ ወይን ጠጅ ሆኗል። ዓመት ሙሉ አልደረቀም። እጇን ልትታጠብ ሄደች። እኔ ቁጥሩን ሳልጽፍ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ደረጃውን እያዳመጥኩ ነው።