በአንድ ጠፍር የታሰሩ

የዠማት ፏፏቴ ለብ ባለበት ማለዳ፣ የኤርማት ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ከወንዙ ዳር ቆመው ቀሩ። ከአጎራ ተራሮች ተወርውሮ የሚወርደው ያ ውኃ ከጥንት ጀምሮ ጥርስ የሚያደነዝዝ ነበር። አሁን ግን የአራስ ቤት መታጠቢያ ይመስላል።

የቤተ መንግሥቱ ውኃ ቀማሽ ተጠራች። በኤርማት ምንጩንና ወንዙን ሁሉ እየቀመሰ «ይጠጣ» ወይም «አይጠጣ» የሚል ሹም አለ፤ በዚያ ዘመን ሹመቱን የያዘችው አንዲት ወጣት ነበረች። አሸተተች፤ በምላሷ ጫፍ ነካች፤ ተፋች፤ እንደገና ቀመሰች።

«ድኝ አለው፤ የዛገ ብረትም አለው» አለች። «በሽታው እዚህ አይደለም። ከላይ ነው።»

በዚያው ማለዳ ከከተማዋ በር ውጭ፣ ወደ ሐሩር አገር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ የማይታወቅ ሰው ሞቶ ተገኘ። እጆቹ ውርጭ እንደመታው ቅጠል ጠቁረዋል። በጉያው የነበረውን ሰማያዊ ድንጋይ ያዩ ሽማግሌዎች በግንባራቸው ተደፉ። የቁር ዕንቁ ነበር። አባቶች በአጎራ ጫፍ ካለው ሐይቅ ያኖሩት፣ ከሐይቁ ሥር ያለውን የእሳት ዘንዶ ነዲድን በቅዝቃዜው ያስተኛ ዕንቁ ነው። ሌባ ሰርቆታል፤ ነዲድም መንቃት ጀምሯል። ፈጽሞ ከነቃ ተራራው ይቀደዳል፤ ኤርማትም ከነሕዝቧ በአመድ ትቀበራለች።

ንጉሥ ሐርቤል የዋሻዋን ተንባይ አስጠራ። አሮጊቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች፦

«ሦስት በአንድ ጠፍር ታስረው ይወጣሉ። ዕንቁው ወደ ቤቱ ይገባል። ከሦስቱ ግን አንዱ ጠፍሩን ይቆርጣል።»

ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ። «በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ! ያን ጠፍር የሚቆርጥ ከሃዲ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ስሙ ከኤርማት ምድር ይፋቅ። እናቱ አትጥራው፤ ጸሐፊ አይጻፈው፤ በመቃብሩ ላይ አይቀረጽ!»

በኤርማት ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም፤ ስሙ የማይጠራ ሙት ከአባቶቹ ጋር አይቀመጥምና።

ዕንቁውን እንድትሸከም የታዘዘችው ውኃ ቀማሿ ነበረች። ሁለት ሰዎች ደግሞ ሳይጠሩ ቀረቡ። አንዱ አያ ጉርማ ነው፤ የአጎራን መንገድ የሚያውቅ ከእርሱ በቀር በሕይወት የለም። ሁለተኛው የከተማዋ በር ጠባቂዎች አለቃ ታርቆስ ነው፤ የሌባውን ሬሳ መጀመሪያ ያገኘ እርሱ ነበር።

ቀማሿ ሁለቱንም አየቻቸው። ሌባውን ማን መራው? መንገድ የሚያውቅ። ዕንቁውንስ ለማን ሊያስረክብ መጣ? በሩ ላይ ለሚጠብቀው። ያልተጠሩ ሁለት ሰዎች፣ መልስ ያጡ ሁለት ጥያቄዎች።

በተራራው እግር የድንጋይ ክምር አለ። የሚወጣ ሰው አንድ ድንጋይ ያኖራል፤ ሲመለስ የራሱን ያነሣል። በክምሩ የቀሩት ያልተመለሱት ናቸው። ጉርማ ጥቁር ድንጋይ አኖረ፤ እርሷ ነጭ። ታርቆስ ትልቅ ቀይ ድንጋይ አንከባልሎ አመጣ።

«ይህን ማን ያነሣዋል?» አለ ጉርማ።

«እኔው ነኛ! ትንሽ ካኖርኩ የማን እንደሆነ ይጠፋኛል» አለ ታርቆስ።

ከፏፏቴው ሥር ሲደርሱ ቀማሿ የበሬ ቆዳውን ጠፍር በውኃው ነከረች። ጠፍር ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በርጥቡ የታሰረ ቋጠሮ ከደረቀ በኋላ በጣት አይፈታም። ጉርማን ከፊት፣ ታርቆስን ከኋላ፣ ራሷን ሁለቱንም ልታይ ከምትችልበት መካከል አሰረች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ስለታችሁን ስጡኝ።»

ታርቆስ ሳቀ። «ሰይፉን ያስረከበ ወታደር ምን ይባላል፣ ቀማሽ?»

«የታመነ ይባላል።»

«እንግዲያው ዘንዶው ሲመጣ አንቺው ቅመሺው!» ብሎ ሰይፉን ወረወረላት።

ጉርማ ቢላዋውን በሁለት እጁ አቀበላት። «እንኪ ልጄ። ከእንግዲህ ቂጣዬን የምትቆርጭልኝ አንቺ ነሽ።»

በፏፏቴው ጎን ባለው የሚያንሸራትት ገደል ወጡ። ከላይ፣ በቀለጠ ድንጋይ ስብራት መካከል፣ በአቀበቱ እኩሌታ ያለው የመካከለኛው ሐይቅ ተዘርግቶ ነበር፤ አረንጓዴና ጸጥ ያለ፣ በዳርቻው ሣር የማይበቅልበት። ጉርማ ቆመና አፏጨ። ከላይ ፉጨት መለሰለት። ጥቂት ጠብቆ መንገዱን ትቶ በላይኛው ተረተር ዞረ።

«ለማን ነው ያፏጩት?» አለች።

«ለሚሰማ» አለ ጉርማ፤ ትንፋሹን ለአቀበቱ እየቆጠበ።

ወደ ኋላ ስትዞር ታርቆስን ጎንበስ እንዳለ አየችው። በተሳለ ድንጋይ ዐለቱን ይጭራል፤ ስታየው ጣለው። በቀጣዩ መታጠፊያም ጭረት ነበረ። አንዱ ከፊት ይጠራል፤ አንዱ ለሚከተል ምልክት ይተዋል። እጇን ከሰይፉ እጀታ አላነሣችም። ሲያርፉ ቂጣውን ቆርጣ አካፈለቻቸው፤ ቢላዋውን ግን ጠርጋ ወደ ወገቧ መለሰች። ታርቆስ አየ፤ ቂጣውን ጎረሰ።

ከጫፉ በታች መሬቱ ይጤሳል። የሚነፍሰው ሙቅ ነፋስ ጠፍሩን አደረቀው፤ ቋጠሮው እንደ አጥንት ጠነከረ። የእርሷ ጫማ ተለብልቦ ታቹ ተቀደደ። በዚያ አንድ ዋሻ አገኙ። አመዱ ላይ ሰው የተኛበት ጉድጓድ አለ፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ። የእግር ዱካው የአንድ ሰው ነው፤ ደጋግሞ ተሳስቶ፣ ደጋግሞ ተመልሷል። መንገድ የሚያውቅ ሰው አብሮት አልነበረም። ከጥግ የሐሩር አገር ቅል ተጋድሟል። አነሣችና ውስጡን በምላሷ ነካች። የደረቀ ጭቃና ጨው።

«ይህን የሚጠጡ ሰዎች አሉ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዕንቁውን ሊሸጥ አልነበረም። በቅዝቃዜው ለተጠማ አገሩ ውኃ ሊያወጣ ነበር። በእኛ በር ያለፈው ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።»

«የሰረቀን ሰው ያሳዝነኝ ጀመር» አለ ታርቆስ።

ወደ ጉርማ ዞረች። «ፉጨቱስ?»

«የአመድ ወፎች ናቸው፣ ልጄ። ከሐይቁ ዳር ክፉ አየር ይተኛል፤ ወፎቹ ከላይኛው ተረተር ከመለሱ ከታች አየሩ ይገድላል ማለት ነው።»

«አንተስ? ዐለቱን የምትጭረው?»

ታርቆስ አንገቱን አከከ። «መንገድ ይጠፋብኛል። የበር ዘበኛ ነኝ፤ ከበሩ ርቄ አላውቅም። ይህን በወታደሮቼ ፊት ካወራሽው ግን እገልሻለሁ።»

ያየችው ሁሉ እውነት ነበር። የደመደመችው ሁሉ ውሸት። ሰይፉን ልትመልስለት እጀታውን ስትይዝ ተራራው ከሥሩ አገሣ። ጉርማ «ሩጡ!» ብሎ ጎተታቸው።

ከጫፉ አፍ ሲደርሱ ሐይቁ ወደ ታች ሰምጦ ይፈላ ነበር። በእንፋሎቱ መካከል የነዲድ ጀርባ እንደ ጋለ ማረሻ ቀልቶ ይገለባበጣል። ዕንቁው ቢወረወር ይሰበራል፤ በእጅ ከውኃው ሊቀመጥ ይገባል።

«እኔ እወርዳለሁ» አለች።

«በየትኛው እግርሽ?» አለ ታርቆስ። የራሱ ጫማ ወፍራም የጎሽ ቆዳ ነበር፤ ማሰሪያው እስከ ጉልበቱ ይጠመጠማል። «ስጪኝ። ወይስ አሁንም...»

በበግ ለምድ የተጠቀለለውን ዕንቁ ንግግሩን ሳታስጨርሰው ሰጠችው።

ጉርማና እርሷ ጠፍሩን ይዘው አወረዱት። ታርቆስ ለምዱን ገልጦ ዕንቁውን ከፈላው ውኃ አኖረ። ውኃው ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው እንደ ጥላ ተስፋፋ። ነዲድ ግን ከመተኛቱ በፊት አንድ ጊዜ ተወርውሮ የታርቆስን ጫማ በመንጋጋው ያዘ። ከዚያም እንቅልፍ እየጣለው፣ ጥርሱን ሳይከፍት፣ ወደ ጥልቁ መስመጥ ጀመረ።

ጠፍሩ ተወጠረ። ቀማሿ በሆዷ ወደ ገደሉ ተጎተተች። ጉርማ ተረከዙን በዐለት ስንጥቅ ሰክቶ ይጮሃል።

«ስለት!» አለ ታርቆስ። «የጫማውን ማሰሪያ ብቆርጥ እወጣለሁ!»

ሰይፉን መዛ ወረወረችለት። ዐለት ነካ፤ ነጠረ፤ ውኃው ዋጠው። ታርቆስ ሰይፉ የሰመጠበትን ቦታ አየና ቀና አለ። ከወገቡ በታች ሰምጦ ነበር።

«ቢላዋው አለሽ?»

«አለ።»

«አትወርውሪው። ያ ከጠፋ ሦስታችንም ሄድን።» ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። «ቁረጪው።»

«አልቆርጥም! ያዝ!»

«ቀማሽ! አያ ጉርማን እዪው!»

ዞር አለች። የሽማግሌው ተረከዝ ከስንጥቁ እየወጣ ነበር።

በቂጣው ቢላዋ ጠፍሩን ቆረጠች።

ሐይቁ ተዘጋ። ወዲያው በዳርቻው ላይ እንደ መስተዋት የሳሳ በረዶ ታየ።

ሲወርዱ የታርቆስን ጭረቶች እየተከተሉ ወረዱ፤ በየመታጠፊያው ትክክል ነበሩ። ከድንጋዩ ክምር ሲደርሱ ጉርማ ጥቁሩን አነሣ፤ እርሷ ነጩን። ቀዩ ቀረ።

«ስሚኝ ልጄ» አለ ጉርማ። «ራሱ ቆረጠው እንበል። ሙት አይጠየቅም።»

«ስሙ ይፋቃል።»

«አንቺ ግን ትኖሪያለሽ።»

ጎንበስ ብላ ከፏፏቴው ቀመሰች። ጥርሷን አደነዘዘው።

በአደባባዩ እልልታው ሲበርድ ንጉሥ ሐርቤል ቆመ። «ትንቢቱ ደርሷል፤ አንዱ አልተመለሰም። ታርቆስ ጠፍሩን ቆርጦ ከድቷል ብዬ ልፍረድ?»

«ንጉሥ ሆይ» አለች፤ ቢላዋውን ከእግሩ ሥር አኖረች። «የቆረጠው የእኔ እጅ ነው። የታርቆስን ሰይፍ ቀምቼ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ሰይፉ በእጁ ቢሆን ዛሬ ከፊትዎ ይቆም ነበር። ከሃዲ ስፈልግ መንገዱን ፈጀሁ፤ አብሮኝ የወጣ ከሃዲ አልነበረም።»

«አገሬን አድነሻል» አለ ንጉሡ፣ ድምፁ ደክሞ። «መሐላዬ ግን ከእኔ ይበልጣል።»

«አውቃለሁ። ስሙን ይተዉለት፤ የእኔን ይውሰዱ።»

የሹማምንት ስም ከሚቀረጽበት ድንጋይ ላይ ስሟ ተፋቀ። በዚያው ቀን ተመልሳ ነጩን ድንጋይ ከቀዩ አጠገብ አኖረች፤ ወደ ተራራውም ወጣች። ጉርማ እስከ መካከለኛው ሐይቅ ሸኛት፤ ማፏጨትም አስተማራት።

ፏፏቴው ዛሬ የታርቆስ ውኃ ይባላል። ለእርሷ ግን ማንም መሐላውን አላፈረሰም፤ ስሟ በዚህም ታሪክ ውስጥ የለም። ሆኖም የኤርማት ሰው ከዚያ ውኃ ቀድቶ ጽዋውን ከአፉ ሲያደርስ ጥቂት ይቆያል፤ አንድ ስም ለመጥራት የሚበቃ ያህል ዝም ይላል። ከዚያ ይጠጣል።