የውሃ አባቱ እፍኝ ጭቃ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ የመስኖ ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ሳልህ ቦዩ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ፣ ራሱን ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለቀሰለት አልነበረም። መርማሪዋ ፈትያ አጠገቡ ተንበርክካ የተጨበጠ ቀኝ እጁን በግድ ፈለቀቀች። ጭቃ ነበር። በላስቲክ ቋጥራ ስትይዘው ባልደረቦቿ ሳቁ። መሳቅ እንደሆነ ትምህርት አይጠይቅም።

በዋዜማው አርብ ከጁምዓ በኋላ ወጣቶች «የታሰሩት ይፈቱ» ብለው ሰልፍ ወጥተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሚሰገደው የአሱር ሰላት በፊት ሁሉም ተለቅመው ታስረዋል። ቦዩ ዳር የሽንኩርት ማሳ ያለው ነጋዴው ኸይረዲን ደግሞ፣ «ሙሀሲን የሚባለው ሰልፈኛ እዚያ ቦዩ ላይ ሳልህን በድንጋይ ሲፈነክተው በዓይኔ አይቻለሁ። ጁምዓ እንደወጣ፣ ቀትር ላይ ነው፤ ወደቀ፣ አልተነሳም። እኔም ደንግጬ ያኔውኑ ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ሄጄ አደርኩ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሰልፉ በአንድ ሰው አፍ ግድያ ሆነ።

ፈትያ ከቦዩ ማዶ ማሾ የዘራችውን ሰሊማን ጠየቀች።

«እትዬ ሰሊማ፣ አርብ ውሃ መቼ ይለቀቃል?»

«ከአሱር በኋላ ነዋ! እስከዚያ ቦዩ አቧራ ነው። ጋሼ ሳልህ የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ ሲያነሳ ውሃውን ‹ሂድ በል› ይለው ነበር። ሌላ ማንን ያናግር?»

«የዚያን ዕለት ተራው የማን ነበር?»

«የኔ! ማሾዬ ግን ጠብታ አላየ። ረሳኝ ብዬ ተቀይሜው አደርኩ። ለካ የተቀየምኩት ሬሳ ኖሯል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ክሱ መሰማት ከመጀመሩ በፊት በማስረጃው ላይ ክርክር ተነሳ። ዐቃቤ ሕጉ የኸይረዲን ቃል እንዲያዝ ጠየቀ፤ ፈትያ ያቀረበችውን ጭቃ ግን «አፈር እንጂ ማስረጃ አይደለም» ብሎ ተቃወመ። ጭቃው ውድቅ ከተደረገ ሙሀሲን ወጣትነቱን እስር ቤት መጨረሱ ነው። ዳኛዋ ቦታውን ሳያዩ ብይን እንደማይሰጡ ተናገሩና፣ በቀጣዩ አርብ ሁሉም ቦዩ ዳር ተሰበሰበ።

«ቀትር ላይ እዚህ የወደቀ ሰው አቧራ ነው የሚጨብጠው» አለች ፈትያ። «ውሃው ኋላ ቢመጣ እንኳ የሬሳ ጭብጥ ከፍቶ አይገባም። ሳልህ የወደቀው ቦዩ ከራሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እነዚህ ልጆች እስር ቤት ነበሩ።»

«ልጄ፣ ጭቃ እያቦካሽ ሰው አትወንጅዪ» አለ ኸይረዲን።

«ይሁን አቶ ኸይረዲን። ቅዳሜ ጠዋት የእትዬ ሰሊማ ማሾ ደርቆ፣ የእርስዎ ሽንኩርት ጠጥቶ አድሯል። ውሃ ሰርቀው ነው?»

ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። በዚህ ቆላ የውሃ ሌባ የተባለ ሰው ልጁን የሚድርለት አያገኝም።

«እኔ ሌባ?» ኸይረዲን ጮኸ። «ራሱ ሳልህ ነው በእጁ የለቀቀልኝ! እዚህ፣ እፊቴ!»

«ቀትር ላይ ሲሞት ያዩት ሳልህ?»

ኸይረዲን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«የሰሊማን ውሃ ወደ ማሳዎ ሲገለብጡ ሊደፍንብዎ መጣ» አለች ፈትያ ቀስ ብላ። «በድንጋይ መቱት። ሰልፉ ደግሞ ጥሩ መሸፈኛ ሆነልዎ።»

«የምስክሩ ቃል ውድቅ ነው» አሉ ዳኛዋ። «ጭቃው ይያዝ። ልጆቹ ይለቀቁ።»

ፖሊሶች ኸይረዲንን ይዘው ሄዱ። ሙሀሲንን እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ወሰደችው። ሌሎቹም የየራሳቸው ሰው ነበራቸው። ቦዩ ዳር ፈትያ ብቻዋን ቀረች።

ከከተማው የአሱር አዛን ተሰማ። ሳንቃውን የሚያነሳ አልነበረም፤ አነሳችው። ውሃው አቧራውን እየላሰ ወደ ሰሊማ ማሾ አመራ። ፈትያ ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም።

«ሂድ በል» አለችው።