የታጠበ ጠገራ

አክስቴ ብርቅነሽ ባረፈች በአርባኛው ቀን፣ ቁስቋም ባለው ቤቷ ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ የንስሐ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው ኑዛዜዋን ተናገሩ። ቤቱ ለእናቴ። አሥራ ሁለቱ ጠገራ ብር ግን እኩል ይከፈል፤ ግማሹ ለእኔ ለሮሐ፣ ግማሹ ለተከራይዋ ለለታ።

ለታን በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም ነበር። አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ችግኝ ያፈላል። ስትታመም አቅፎ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ቢሆንም ከፋኝ፤ ምን ልዋሽ። የአያቶቼ ጠገራ ነዋ።

ሰዉ ሲበተን አንድ ረዘም ያለ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ሮሐ፣ እኔ ይሄን አልጠበቅኩም። የቤተሰብ ዕቃ ነው፤ ሁሉንም አንቺ ውሰጂው።»

«አክስቴ የሰጠችህን እኔ ልቀማህ? ድርሻህን ያዝ። እኔ የሰው አልነካም፤ የራሴንም አላስነካም።»

ፈገግ አለ። ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፈገግታው አበላሸብኝ።

እኔ ዊንጌት፣ በይርጋለም ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በዚያ ሰሞን ይርጋለም የምሠራበትን የስፌት መኪና ልትሸጠው ገዢ አግኝታ ነበር። መኪናው ሄደ ማለት እንጀራዬ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ጠገራዎቹን ሸጬ መኪናውን የራሴ ላደርግ ቆረጥኩ።

ለታም አብረን ገዢ ዘንድ እንሂድ አለ። መጀመሪያ ቀጠሮ ሊይዝ ወደ ስፌት ሱቁ መጣ። ሁለተኛ የጃኬቱን ዚፕ አሠራ። ሦስተኛ ጊዜ ምክንያትም አልያዘ።

«ዛሬስ ምን ተቀደደ?» አልኩት።

«ምንም። ላይሽ ብዬ ነው።»

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ። ወደድኩት። እንዲህ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም የለውም።

ቀጠሮው ሲደርስ፣ ገበያ የሚወጣ ነገር ይጸዳል ብዬ፣ ስድስቱን ጠገራዎቼን በሎሚና በአመድ ፈተግኳቸው። ብሩ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ፊቷ ፏ አለ። ኮራሁ።

አዲሱ ገበያ ያሉት የድሮ ዕቃ ገዢ አቶ መሸሻ ይባላሉ። መጀመሪያ የለታን ጥቋቁር ጠገራዎች እያገላበጡ አዩ። ቀጥለው የእኔን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እነዚህን ማን አጠባቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሰብሳቢ የሚፈልገው ዕድሜ ያጠቆረውን ነው። የታጠበ ጠገራ እንደ ማንኛውም የብር ቁራጭ በሚዛን ነው የሚሄደው። የእሱ ያንቺን እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ያወጣል።»

ፊቴ ጋለ። የእኔ ድርሻ መኪናውን እንደማይገዛ ወዲያው ገባኝ። እናስብበት ብለን ወጣን።

ታክሲ ስንጠብቅ ለታ፣ «ቀላቅለን እንሽጥና እኩል እንካፈል» አለ። «መኪናውም ይገዛል።»

«አይሆንም።»

«ሮሐ...»

«ያጠብኩት እኔ፣ የምከስረውም እኔ። ያንተ ያንተ ነው። ይሄን ነገር ደግመህ ብታነሳ አንነጋገርም።»

 ታክሲው ውስጥ ትከሻችን ተነካክቶ፣ እኔ በመስኮት እያየሁ፣ እሱ ጉልበቱን እያየ፣ ዊንጌት ደረስን። እሱ ሰጪ እኔ ተቀባይ ሆነን ጎን ለጎን መቀመጣችን ሲታሰበኝ አንገበገበኝ።

በማግስቱ ቀትር ላይ መጣ። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ የምሰፋው ሸሚዝ ላይ ፈታው። ስድስት ጠገራ። ሁሉም ፏ ብለዋል።

«ምን አደረግካቸው?»

«አጠብኳቸው።»

«አቶ መሸሻ ያሉትን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«አብደሃል እንዴ፣ ለታ? ያን ሁሉ ገንዘብ በአመድ?»

«በሎሚም ጭምር» አለ። ጣቶቹን አየሁ፤ አፈር የሰነጠቃቸው ጣቶች ሎሚው አቃጥሏቸው ቀልተዋል። «አክስትሽ እኩል አድርጋን ነበር። ካንቺ በልጬ አጠገብሽ መቀመጥ አቃተኝ። ብሰጥሽ ደግሞ አትቀበዪም። ታዲያ ምን ላድርግ?»

 እኔን! ዓይን ለዓይን ተያየን። ከወዲያኛው ጥግ የይርጋለም መቀስ ድምፁ ጠፋ። እንዲህ ያለ ሞኝ ዕድሜዬን ሙሉ ብፈልግ እንደማላገኝ ያን ጊዜ አወቅኩ።

መሳቢያዬን ከፍቼ የእኔን ስድስት አወጣሁና የእሱ ላይ ደፋኋቸው። በመዳፌ አማሰልኳቸው።

«አሁን የትኛው ነው ያንተ?»

«እኔንጃ።»

«እኔም አላውቅም። እንግዲህ የየራሳችንን ሳንለይ አይሸጡም።»

«መኪናውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

ወደ ይርጋለም ዞርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም ለምኜ አላውቅም ነበር። «ይርጋለም፣ መኪናውን ለዚያ ሰውዬ አትሽጪብኝ። ከስፌት ክፍያዬ እየቀነስሽ እኔ ልግዛው።»

«ይሄን ለማለት ነው እስከዛሬ አፍሽ የታሰረው?» አለች ይርጋለም። «አንቺ እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ሰውዬውን ስንት ጊዜ መለስኩት።»

መኪናው ዛሬ የራሴ ነው። የሠርግ ቀሚሴንም የሰፋሁበት እሱው ነው። የጥሎሽ ዕለት የለታ ሚዜዎች ሻንጣውን ከፍተው ስጦታውን አንድ በአንድ ሲያሳዩ፣ ወርቅ የጠበቁት ዘመዶቼ አንገታቸውን አስግገው ነበር። ለታ ዘንድ ያስቀመጥናቸው አሥራ ሁለቱ ጠገራዎች ሲወጡ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን በሳቅና በእንባ መሐል ሆኜ ስድስቱ ድሮም የእኔ መሆናቸውን ለማንም አልተናገርኩም።

አቶ መሸሻ ዛሬም አዲሱ ገበያ ላይ ሲያገኙን ያስቆሙናል።

«አሁንም አልሸጣችሁም? ትንሽ ቢጠቁሩ እኮ ገዢ አያጡም።»

«እየጠቆሩ ነው» እላቸዋለሁ። «የቱ የእሱ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ የለየን ቀን እናመጣቸዋለን።»