ከልክ በላይ የጠራው ደም

የክሊኒኩን የላቦራቶሪ ባለሙያ ኔልቫ ቴራሳስን ላቦራቶሪዋ ውስጥ የገደላት ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም። ከባዱ ማይክሮስኮፕ እግሩ ተጣሞ አጠገቧ ወድቋል፤ የግራ ፊቷ ከነአጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከማቀዝቀዣው የወጡት የደም ብልቃጦች ወለሉ ላይ ስለተፈጩ የእሷ ደም የቱ፣ የበሽተኞቹ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። መርማሪ ዴልሚራ ካታሪ ጉልበቷን እያመማት ተንበረከከችና የሟችን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ጥርሶቿ መሃል ነጭ ክር ተሰክቷል፤ ክሩ ላይ ቁራጭ ቆዳ አለ።

«ጎበዝ፣ ነክሰሽዋል» አለቻት።

ነርሷ ቤኒታ እያለከለከች ገባች። «እትዬ ዴልሚራ፣ ድረሺ። ዊልበርን ሊያቃጥሉት ነው።»

ዊልበር ሮቻን የቪላ ሞልዬ መንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እህቱ ኤሊዳ ልብ ከሚበላው የቻጋስ በሽታ ድነሻል ተብላ ከዚሁ ክሊኒክ ተሸኝታ፣ ባለፈው ሳምንት ድንች እየለቀመች ልቧ ቆሞ ሞተች። ቀብሯ ላይ ዊልበር ኔልቫን አንቆ «ድናለች ያልሽው አንቺ ነሽ፤ አልለቅሽም» ሲላት አገር ሰምቷል። እና ዛሬ ጠዋት ሬሳዋ ሲገኝ ሌላ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም።

አደባባዩ ላይ ዛፍ ጋር አስረውታል። ሸሚዙን ገፍፈው፣ ደብድበው ደብድበው አፍንጫውን ሰብረውታል፤ አንገቱ ላይ የመኪና ጎማ አጥልቀው ቤንዚን እያርከፈከፉበት ነው። ዴልሚራ ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሰዉ ሲከፈትላት ቀጥ ብላ ሄዳ የዊልበርን ክንዶች አንድ በአንድ እያገላበጠች አየች። የዱላ ሰንበር በሽ ነው። የጥርስ ምልክት ግን የለም።

«እጁ ምን ያደርግልሻል?» አለ የገበሬ ማኅበሩ መሪ ዶን ሴኖን፣ ዱላውን እንደያዘ። «ይልቅ ክብሪት ካለሽ አምጪ።»

«እስከ ምሳ ሰዓት ስጠኝ። ገዳዩን ካላሳየሁህ ክብሪቱን ራሴ አቀብልሃለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሴኖን ቃል የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ክሊኒኩ ስትመለስ የክሊኒኩን ኃላፊ፣ ዶክተር ፋውስቶ ኢሪያርቴን፣ አዲስ የተተኮሰ ነጭ ጋውን ለብሶ አገኘችው።

«ዶክተር፣ ኔልቫ እዚህ ምን ነበር የምትሠራው?»

«የተሻለ የደም ምርመራ። የድሮው ምርመራ ሰውነታችን ከቻጋስ ተውሳክ ጋር ሲዋጋ ደም ውስጥ የተወውን ምልክት ነው የሚያየው። ተውሳኩ ቢሞት እንኳ ምልክቱ ለዓመታት አይጠፋም። ስለዚህ ‹ድኗል› ብሎ መማል አይቻልም። የእሷ ግን ዓመት ሳይሞላ ይለያል።»

«መድኃኒቱስ?»

«እሱ የእኔ ነው። ረጅሙን የክኒን ጊዜ አሳጠርኩት። የእሷ ምርመራ የኔን ሕክምና ይመዝናል። ሁሉም ድነዋል።»

«ኤሊዳም?»

«ኤሊዳም። ልቧ ግን ቀድሞ ተጎድቶ ነበር፤ ምን ይደረግ።»

ዴልሚራ ቤኒታን ወደ ጓሮ ጎትታ ወሰደቻት። «ትናንት ኔልቫን ምን ነክቷት ነበር?»

«የኤሊዳን ደም በድሮው ምርመራ ደግማ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ ግን የንዴት ሳቅ ነው። ‹ይሄ ደም ከልክ በላይ ጠርቷል› አለችና ዶክተሩን ልትጠይቀው ሄደች።»

ዴልሚራ ባለችበት ቆመች። እሷ ራሷ ልጅ ሳለች ቪንቹካ፣ ያ ቻጋስን የሚያመጣ ደም መጣጭ ተባይ፣ ከጭቃው ግድግዳ እየወጣ የነከሳት የዚሁ ሸለቆ ልጅ ናት። ክኒኑን ከጨረሰች ስንት ዘመኗ፤ የድሮው ምርመራ ግን እስከ ዛሬ ምልክቱን ያሳያል። ተመልሳ ወደ ላቦራቶሪው ገባችና ደም የሚያሽከረክረውን ማሽን ክዳን ከፈተችው። ገዳዩ ማቀዝቀዣውን ሲያራግፍ ይህን ረስቶታል። የኤሊዳ ስም ያለበት ብልቃጥ ሳይነካ ተቀምጧል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁሉንም ወረፋ መጠበቂያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዊልበር አግዳሚው ላይ ደም ይተፋል፤ ሴኖን በሩ ላይ ቆሟል፤ የሰዉ ፊት መስኮቱን ሞልቶታል።

«ቤኒታ፣ የሁላችንንም ጣት ውጊ። በድሮው ምርመራ እንታይ።»

«ቀልድ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«እንደ ቀልድ ይዩት፤ ጣትዎን ብቻ ያምጡ።»

መመርመሪያዎቹ ተደረደሩ። ሁለት መስመር በሽታው የገባበት ደም ነው፤ አንድ መስመር ያልገባበት። ዊልበር ሁለት፣ ቤኒታ ሁለት፣ ሴኖን ሁለት፣ ዴልሚራ ሁለት። ዶክተሩ አንድ።

«ያደግሁት ፖቶሲ ነው» አለ ፋውስቶ ትከሻውን እየነቀነቀ። «ብርዱ ቪንቹካ አያኖርም። ምን ይገርማል?»

«ያንተ ምንም አይገርምም።» አንተ ስትለው ቤኒታ ቀና አለች። ዴልሚራ ከኤሊዳ ብልቃጥ በተወሰደ ደም የተፈተነውን መመርመሪያ አጠገቡ አስቀመጠች። እሱም አንድ መስመር ነው። «የሚገርመው ይሄ ነው። ኤሊዳ እዚሁ ሸለቆ ተወልዳ፣ እዚሁ ታማ፣ ክኒን ከወሰደች ገና ዓመቷ ነበር። ብትድን እንኳ ሁለት መስመር ይኖራታል። ይህ የዳነ ሰው ደም አይደለም፤ ጭራሽ ታሞ የማያውቅ ሰው ደም ነው። መድኃኒትህ ያላዳናቸውን የኔልቫ ምርመራ ሲያጋልጥብህ፣ በእነሱ ስም የራስህን ደም ትሞላ ነበር። አውቃብህ መጣች፤ ገደልካት፤ ብልቃጦቹንም ፈጨሃቸው።»

«ወሬ ነው።»

«ኔልቫ ገዳይዋን ነክሳለች፤ የልብሱ ክር ጥርሷ ውስጥ ቀርቷል። የዊልበርን ሸሚዝ እናንተው ገፍፋችሁታል፤ ክንዱ ላይ ንክሻ አላየሁም። እስኪ እጅጌህን ሰብስበው።»

አልሰበሰበም። ሴኖን አንቆ ግድግዳው ላይ ለጠፈውና ጋውኑን እስከ ትከሻው ቀደደው። ፋሻው ሲነሳ የጥርስ ረድፍ ጥቁር ሆኖ ታየ። ከፍ ብሎ ክርኑ እጥፋት ላይ የመርፌ ቀዳዳ ተደራርቧል።

«ያልዳኑት ጥቂት ናቸው» አለ ፋውስቶ እያቃሰተ። «ለጥቂቶች ብላ የሁሉንም ልታፈርስ ነበር።»

ዊልበር ግድግዳ ይዞ ተነሳ። «ቤኒታ፣ እውነቱን ብታውቁ ኖሮ ኤሊዳን ምን ታደርጓት ነበር?»

«ረጅሙን መድኃኒት እንጀምርላት ነበር» አለች ቤኒታ። «ልቧንም እንጠብቅ ነበር።»

ዊልበር በዱላ ባበጠ እጁ የዶክተሩን አፍ መታው፤ ደገመው፤ ሠለሰው። ዴልሚራ ካቴናዋን ለማውጣት አልቸኮለችም። ውጭ «አምጡት» የሚል ጩኸት ተነሳ። ሴኖን ዱላውን አነሳ፤ ግን አልሰነዘረም። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ የራሱን ሁለት መስመር ያያል።

«እኔንም ድነሃል ብሎኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ባለቤቴንም። ዶኛ ዴልሚራ፣ ይሄ እኔ ውስጥ ያለው ሞቷል ወይስ አለ?»

«ያንን ልትነግርህ የምትችለው ኔልቫ ብቻ ነበረች» አለችው።