በበሬሳ ቁልቁለት የተሰበረው ምስማር

የሠራተኛውን የገብረአብን ሬሳ ከሰረገላው ሥር ያወጡት ስድስት ሰዎች ተጋግዘው ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ጥድ የጫነው የፈረንጅ ሰረገላ ከደብረ ብርሃን ወደ በሬሳ ወንዝ ሲወርድ መንኰራኩሩ ወለቀና በላዩ ላይ ተገለበጠ። መንኰራኩሩን የሚይዘው ባለራስ ወፍራም ምስማር፣ ዛሬ ብሎን የምንለው ዓይነት፣ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። የሠራው ደግሞ ቀጥቃጩ ታመነ ነው።

ገብረአብ ቅዳሜ ሞተ፤ እሑድ ተቀበረ፤ ሰኞ አገሩ ሁሉ ጥፋተኛ ለሚወጣበት ለአውጫጭ ከወይራው ሥር ተጠራ። ታመነ እንደ ደንቡ ከከሳሹ ከነፍጠኛው ይሁኔ ጋር በነጠላ ጫፍ ተቆራኝቶ ቆሟል። ይሁኔ የሰረገላው ጠባቂ ነበር። ዳኛው ኃይለ ገብርኤል ሊፈርዱ ነው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታመነ ደም እንዲበቀሉ ለሟች ወገኖች ይሰጣል።

«በንጉሥ አምላክ፣ ይቁሙልኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። የታመነ ልጅ ንጋቷ ናት።

«የቡዳ ልጅ በአደባባይ ልትሟገት ነው?» አለ ይሁኔ።

«ቡዳ በለን፣ ለምደነዋል» አለች። «ማረሻችሁን ልታስሉ ስትመጡ ግን ስማችን ሌላ ነው። ጌታዬ፣ ስባሪውን ያሳዩኝ።»

ዳኛው በምርኩዛቸው አንድ ድንጋይ አመለከቱ። «የወይራው ጥላ ከዚያ እስኪደርስ ነው።»

ንጋቷ ስባሪውን ወደ ብርሃን አዞረችው። ስብራቱ እንደ አሞሌ ጨው ፍርክስክስ ያለ ነው። ጎኑን በጥፍሯ ዳሰሰች፤ የመዶሻ ጠባሳ የለበትም፤ ጭረት ብቻ ነው። ወደ ሰረገላ ነጂው ወደ ተክለጊዮርጊስ ሄደች።

«ጋሼ፣ ምስማሩን መቼ አየኸው?»

«ዓርብ ማታ። ራሱ ላይ የአባትሽ ምልክት፣ ሦስቱ ጭረት ነበረበት። ቅዳሜ ጭቃ ለብሶ ነበር፤ ልብ አላልኩም።»

«ከሰረገላው ጋር ማን አደረ?»

«ይሁኔ ነዋ። እሱ ጠባቂ፣ እኔ እንቅልፋም።»

የሠራተኞቹ ወጥ ሠሪ በሰለች እሳት ዳር ነበረች። የፈረንጁ የብረት ድስት በአንድ ጎኑ ድንጋይ ተደግፏል።

«እትዬ በሰለች፣ ይህ ድስት ባለ ሦስት እግር አልነበረም?»

«ነበር። ሐሙስ ብነሳ አንዱ የለም። አይጥ በላው ልበል?»

ንጋቷ ድስቱን አሸክማት ተመለሰች። ይሁኔ ፊት ስትደርስ ዓይኗ ጠመንጃው ላይ ቆየ። ጥይቱን የምትመታው ብረት የታሰረችበት ቦታ በጠፍር ተጠቅልሏል።

«ትናንት ቀብሩ ላይ ስንት ተኮስክ፣ ጋሼ ይሁኔ?»

«ሦስት። ለገብረአብ ያንሰዋል።»

«ከጥምቀት ወዲህ ጠመንጃህ ዲዳ ነበረች አሉ።»

«ዳነች። አንቺን ምን አገባሽ?»

ጥላው ድንጋዩን ነካ። ዳኛው «ተናገሪ» አሏት።

ንጋቷ አባቷ የሠራውን ሌላ ምስማር ድንጋይ ላይ አጋድማ ለተክለጊዮርጊስ መዶሻ ሰጠችው። መታው። ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ስባሪውን ሲመታው ግን ተፈረካከሰ። የድስቱን ጉማጅ እግርም መታው፤ ያው ፍርክስክስ ወጣ።

«የድስት ብረት ከመዶሻ ሥር ይበታተናል» አለች። «ስለዚህ ቀጥቃጭ አልሠራውም፤ በሞረድ ተፍቆ የወጣ ነው። ከአባቴ ቤት ሌላ ሞረድ ያለው ማን ነው?»

«ይሁኔ ለጠመንጃው አለው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ንጋቷ ቀጠለች። «በሚመጣው ሳምንት ሰልፍ አለ። ጠመንጃው ያልተኮሰለት ነፍጠኛ ማደሪያ መሬቱን ይነጠቃል። አባቴ እንዳይጠግንለት፣ ይሁኔ ራሱ የቡዳ እጅ ጠመንጃዬን አይነካም ብሎ በገበያ መሃል ምሏል። ስለዚህ ጠመንጃውን ሊጠግንበት ጠንካራውን ምስማር ከሰረገላው ሰረቀና በቦታው የድስቱን እግር ተካ። ጌታዬ፣ ጠመንጃዋ ድናለች ይላል። የዳነ ሰው ቁስሉን ለምን ይጠቀልላል?»

«ጠፍሩ ለጌጥ ነው» አለ ይሁኔ።

«ጌጥህን ፍታልን» አሉ ዳኛው።

ይሁኔ ጠመንጃውን ወደ ደረቱ አስጠጋ፤ ጠፍሩን የፈታው ተክለጊዮርጊስ ነው። ከሥሩ የምስማር ራስ ብቅ አለ፤ ሦስት ጭረት አለበት።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ይሁኔ ወደ ሟች ወገኖች ዞረ። «እንዲሞት አልፈለግሁም። ብረት ያው ብረት ነው ብዬ ነው።»

ንጋቷ ቀረብ አለችው። «ብረት ያው ብረት ከሆነ፣ የድስቱን እግር ለምን ከጉንጭህ ሥር፣ ጠመንጃህ ላይ አላደረግኸውም?»

ከሟች ወገኖች አንዱ ነጠላውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ዳኛው ከለከሉት።

«ቋጠሮው ይቆይ። ከሳሽና ተከሳሽ ብቻ ይለዋወጡ።»

ታመነ የነጠላውን ጫፍ በእጁ ጠቀለለና ይሁኔን ሳብ አደረገው።

«ቀስ ብለህ ተከተለኝ» አለው። «ይህ የሸማኔ ሥራ ነው፤ እንደኔ ምስማር የማይሰበር እንዳይመስልህ።»