ሁለተኛዋ መምህርት

ሐረገወይን የደብረ ታቦር ልጅ ናት። እዚያው ለዓመታት ሒሳብ ካስተማረች በኋላ፣ በናሚቢያ የባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ለአንድ ዓመት ልታስተምር ተቀጥራ ሄደች። ጠዋት ጠዋት ከተከራየችበት ቤት ወጥታ፣ ከውቅያኖሱ ተነሥቶ በረሃው ላይ የሚተኛውን ወፍራም ጭጋግ እየሰነጠቀች፣ የዓሣው ሽታ ሻርፗ ውስጥ ገብቶ እየተከተላት፣ የማይታይ ማዕበል ከድንጋይ ሲላተም እየሰማች ወደ ትምህርት ቤት ትወርዳለች። ብቸኝነቱ ቢከብዳትም ሥራውን ወዳዋለች።

አከራይዋ ወይዘሮ ሂልማ ባላቸው የሞቱባቸው ደግ ሴት ናቸው። ስታልፍ ሁልጊዜ ከበረንዳቸው ሆነው «እንዴት አደራችሁ?» ይሏታል።

«በእኛም አገር ሰው ሲከበር እንዲህ በብዙ ቁጥር ይጠራል» አለቻቸው አንድ ቀን ደስ ብሏት።

ሴትዮዋ ሳቁ። «ኧረ ለክብር አይደለም። ሁለት ስለሆናችሁ ነው እንጂ።»

ቀልድ መሰላት።

ክፍል ውስጥ ግን ልጆቹ ጥያቄ ሲመልሱ ዓይናቸው እሷ ላይ አያርፍም፤ ከቀኝ ትከሻዋ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ያያሉ። ቦታ ብትቀይር ዓይናቸው ያንኑ ባዶ ቦታ ተከትሎ ይዞራል። ጀምራ የተወችው ስሌት፣ ፊቷን መልሳ እስክታየው፣ ሰሌዳው ላይ አልቆ ይጠብቃታል። ጽሕፈቱ የራሷ ነው፤ ያውም ይበልጥ ያማረ። ያን ጊዜ ሁሉ፣ በጨው ውኃ የራሰ ልብስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲደርቅ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ከጎኗ ይመጣል።

ከሽታው ጋር ከጎኗ የሚመጣው ቅዝቃዜ ሲበረታ አላስችል አላት። ቤአታ የምትባለውን ጎበዝ ተማሪ ከትምህርት በኋላ አስቀረቻት።

«ስትመልሺ ማንን ነው የምታዪው?»

«መምህሯን።»

«መምህሯ እኔ አይደለሁም?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሐዘኔታ «መምህሯ እሳቸው ናቸው» አለች። «እርስዎ ግን ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚከተሏቸው?»

ሐረገወይን ወደ ቀኝ ትከሻዋ ዞረች፤ ማንም የለም። ቀና ስትል ጭጋግ ከውጭ ባጠቆረው የመስኮት መስታወት ላይ ሁለት ሴቶች አየች። አንደኛዋ ጠመኔ ይዛ፣ በእርጋታ፣ ለቤአታ ፈገግ ብላላታለች። ሌላዋ ባዶ እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ሐረገወይን እጇን ዝቅ አድርጋ አየችው፤ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልታገለችም። ርእሰ መምህሩ በስብሰባ መሃል ስሟን ጠርተው ወደ ጎኗ ሲያመሰግኑ ከሌሎቹ ጋር አብራ አጨበጨበች። ባለሱቁ የጠየቀችውን ዳቦ አጠገቧ ላለው አየር ሲዘረጋ ሒሳቡን ከፍላ ወጣች። ውላ ስትገባ ቤቱ ቀድሞ ተከፍቶ፣ ወንበሩ ሞቆ ታገኘዋለች። እሷም ጥግ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ተኮራምታ መቀመጥ ለመደች።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር። ስልክ ስትደውል እናቷ ያውቋታል። «ሐረጌ፣ ቶሎ ነይልኝ» ይሏታል፤ እሷም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እስኪያማት ድረስ ትጫነዋለች። የወለደችኝ አትስተኝም፣ አገሬ ስገባ ያልፋል እያለች ዓመቱን ጨረሰች።

በመሄጃዋ ቀን ወይዘሮ ሂልማ ከጎኗ ያለውን አየር አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ለእሷ፣ ለወጉ ያህል፣ እጃቸውን ሰጧት። «አንቺም ደህና ግቢ» አሏት።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ጨው ይሸታል። እጆቿን ጭኗ መሃል ቀብራ፣ ወደዚያ ሳትዞር፣ እናቷን ብቻ እያሰበች ደረሰች።

ቦሌ ረፋዱ ፀሐይ ነበር። እናቷን ከተቀባዩ ሕዝብ መሃል አየቻቸው። «እማዬ!» ብላ ሮጠች። እናቷም እጃቸውን ዘርግተው፣ እንባቸው እየወረደ መጡ፤ መጡና አጠገቧ ሲደርሱ አለፏት።

«ሐረጌ! ልጄ! ምነው እንዲህ በረድሽ?»

«ደህና ነኝ እማዬ፤ እንሂድ» የሚል የራሷ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ።

ሐረገወይን ዞረች፤ እናቷም ያቀፏትን ሳይለቁ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩዋትና፣ የሰው አገር ሰው ሲጨነቅ ያየ ደግ እንደሚጠይቀው፣ በለሰለሰ ድምፅ «የሚቀበልሽ ሰው የለም ወይ፣ የኔ ልጅ?» አሏት።