በግዝት የታሰረ ጨዋታ

«ማተባችሁን ያዙ» አለ ደረሰ።

ልምምድ አልቋል። መምህር ሃይለ ሚካኤል ኳሷን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ቢሮ ገብተዋል። የፍኖተ ሰላሙ «ላህ» ቡድን ልጆች ከሜዳው ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ማንም እጁን ወደ አንገቱ አልሰደደም። ሁሉም ዞረው ያዩት ተስፋውን ነው።

«እኔን ለምን ታዩኛላችሁ?» አለ ተስፋው።

«ዲያቆኑ አንተ ነሃ» አለ ደረሰ። «እኔ ብገዝት ማን ይፈራኛል?»

«አንተንማ የእናትህ ዶሮም አትፈራህም» አለ አንዱ። ጥቂት ተሳቀ። አምበሉ ደረሰ ግን አልሳቀም።

ክንዱ የሚባለው ልጅ ከሁሉም ራቅ ብሎ የሸራ ጫማውን ማሰሪያ ይፈታል። ማሰሪያው ቀድሞ ተፈትቷል፤ እሱ ግን ቀና ላለማለት አሁንም ይነካካዋል። ተስፋው እምቢ ይላል ብሎ ተስፋ አድርጓል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ በ1960 ዓ.ም. ቅርጫት ኳስ በፍኖተ ሰላም ገና እንግዳ ጨዋታ ነበር። ያስተማራቸው ከአሜሪካ የመጣ አንድ የሰላም ጓድ መምህር ነው። እሱ ወደ አገሩ ቢመለስም ልጆቹ ጨዋታውን አልተዉትም። በምዕራቡ ምድብ ካሉት ቡድኖች ሁለቱ፣ ከፋሲካ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሚደረገው ውድድር ያልፋሉ። የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፦ ቅዳሜ፣ ላህ ከሽንዲ። ላህ ካሸነፈ አንደኛ ይሆናል፤ ጨዋታውን የጨረሰው የቡሬው ቡድን «ፈጠም» ደግሞ ሁለተኛ ሆኖ አብሮት ያልፋል። ላህ ከተሸነፈ ግን ሽንዲ አንደኛ፣ ላህ ሁለተኛ ይሆናሉ፤ ፈጠም ቤቱ ይቀራል።

አንደኛ መሆንን የሚጠላ ቡድን የለም። በዚያ ዓመት ግን ነገር ተገለባበጠ። የማርቆሶቹ «ጮቄ»፣ ማንም የማይችለው ቡድን፣ ጎበዞቹ ለጊዜው ታመውበት በምሥራቁ ምድብ ሁለተኛ ወጣ። የአንዱ ምድብ አንደኛ የሚጋጠመው ደግሞ ከሌላው ምድብ ሁለተኛ ጋር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ያሸነፈ መጀመሪያ የሚገጥመው ጮቄን ነው። ሁለተኛ የሆነ ግን በምሥራቁ አንደኛ ከወጡት ከሞጣ ልጆች ጋር ይጫወታል፤ የሞጣ ልጆች ደግሞ ኳስ የጀመሩት ገና አምና ነው።

«አምና በጮቄ ስልሳ ለአሥራ ዘጠኝ» አለ ደረሰ። «ረሳችሁት? ሕፃናት እንኳ እየሳቁብን ከሜዳ ወጣን። አሁን ሞጣን ካገኘን ለዋንጫ ደረስን ማለት ነው። እኔ ዘንድሮ ትምህርቴን እጨርሳለሁ። እናንተ ሌላ ዓመት አላችሁ፤ እኔ የለኝም።»

ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ልጆቹም አንድ በአንድ ማተባቸውን ያዙ። ተስፋው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከቄሶቹ አፍ የሰማውን ቃል በቀስታ አወጣው።

«ቅዳሜ ለማሸነፍ የተጫወተ፣ ይህንንም ምሥጢር ያወጣ፣ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን።»

በዚያ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። ግዝት ያፈረሰ ለቁርባን አይቀርብም፤ በሞተ ጊዜ ፍትሐት አያገኝም ይባላል። ክንዱ ሲያስተውል የራሱም እጅ ማተቡን ይዟል።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከቡሬ የመጣ የጭነት መኪና ከገበያው ዳር ቆመ። ከላዩ ላይ ይርሳው ዘሎ ወረደ። ይርሳው የክንዱ የአጎት ልጅ ነው፤ ለፈጠም ይጫወታል። በትከሻው የክንዱ እናት የላኩትን የድርቆሽና የበሶ ስልቻ ተሸክሟል።

«ወንድምዓለም፣ ከስተሃል» አለው ክንዱን እያገላበጠ ሲስመው። «ጾሙ ነው ወይስ ልምምዱ?»

«ሁለቱም።»

ክንዱ ወደተከራያት ጠባብ ክፍል ገቡ። ይርሳው ስልቻውን ጥግ አስቀምጦ አልጋው ላይ ተዘረጋ።

«እትዬ ነግረውኛል፤ ድርቆሹ ሽንዲን ካሸነፋችሁ ነው የሚበላው። ከተሸነፋችሁ መልሼ እወስደዋለሁ።»

«እናቴ እንዲህ አላሉም።»

«እኔ ጨመርሁበት። ታዲያ ስልቻ ተሸክሜ በነፃ ልመጣ ነው?» ይርሳው ሳቀና ወዲያው ሳቁን አቆመ። «ሰማህ ክንዱ፣ አባቴ ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ይበቃሃል ብሎኝ ነበር። በሬዎቹን የሚይዝለት ሰው የለም። ከዚያ የአገሩ ሰው ሁሉ 'ልጅህ ለውድድር ማርቆስ ሊሄድ ነው አሉ' እያለ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያቆመው፣ ልቡ ራራ። ኳሱ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ እንደ ገና ጨዋታ በዱላ የሚመታ ነው የሚመስለው። ግን 'ካለፋችሁ እስከ ሰኔ ተማር፣ ካላለፋችሁ ሞፈሩን ያዝ' አለኝ።»

«እስከ ሰኔ ከተማርህስ?»

«ፈተናውን እወስዳለሁ። ካለፍሁ ያን ጊዜ እሱን ማነጋገር ይቀላል።» ይርሳው ወደ ጣሪያው አየ። «እኛ ጨርሰናል እንግዲህ። የቀረው በእናንተ እጅ ነው። ነገ እንደ እብድ ነው የምጮህላችሁ።»

ክንዱ አፉን ከፈተ። እጁ ግን ሳያዝዘው አንገቱ ላይ ወጣ። «በሶ ልበጥብጥልህ» ብሎ ተነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሴ እንደወጣ፣ ክንዱ የኔታ ወልደ ሥላሴን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ፣ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስሞ ቆመ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። አንድ ልጅ ነው...»

«የየት አገር ልጅ?»

«የዚሁ።»

«ቁመቱ ያንተን ያህላል?»

ክንዱ መሬት መሬት አየ። «ያህላል።»

«ቀጥል።»

«ልጁን ጓደኞቹ ገዘቱት። አንድ ነገር እንዳይሠራ። ነገሩን ባይሠራው ግን ሌላ ሰው ይጎዳል።»

«የገዘተው ቄስ ማን ነው?»

«ቄስ አይደለም፤ ዲያቆን ነው።»

የኔታ ሳቅ አፈናቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «ዲያቆን ያነብባል፣ ይቀድሳል፣ ደወል ይደውላል። ማሰርና መፍታት የቄስ ሥልጣን ነው። ይህን የማያውቅ ዲያቆን ካለ ወደ እኔ ላኩት፤ እንደገና ከፊደል ይጀምራል።»

ክንዱ ከትላንት በስቲያ ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ የለቀቀ ያህል ተሰማው። «እንግዲያው ልጁ ነፃ ነው።»

«ከግዝቱ ነፃ ነው። ሲገዘት ግን ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

«እሱን እኔ አልፈታለትም» አሉ የኔታ። «ዝም ያላቸው ሰዎች በሕይወት አሉ አይደል? ለእነሱ ይንገራቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቀኝ፤ የናንተን ኳስ አላውቅም።»

ክንዱ ስለ ኳስ አንድም ቃል አልተናገረም ነበር። ደንግጦ ቢያያቸው፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐያቸውን ይሞቃሉ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ደስ ይለዋል ብሎ ጠብቆ ነበር። አላለውም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ቢሸነፉ ለይርሳው የሚለው ነገር ነበረው፤ ለራሱም የሚለው ነበረው፤ ግዝት ይዞኝ ነው ይል ነበር። አሁን የያዘው ነገር የለም። ቢያደርገውም ባያደርገውም የራሱ ነው።

ከጨዋታው በፊት ተስፋውን ለብቻው ጠራው። የኔታ ያሉትን ነገረው።

«አውቃለሁ» አለ ተስፋው።

«ዲያቆን እንደማይገዝት ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም? ሁላችሁም ዓይናችሁን ስትተክሉብኝ ምን ልበል? አልችልም ብል ፈሪ ትሉኝ ነበር።» ተስፋው በጫማው ጫፍ አፈሩን ጫረ። «ደግሞ የምታምኑኝ አልመሰለኝም።»

ደረሰ ሲያያቸው መጣ። ክንዱ የሚለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር፤ አሁን የወጣለት ጥቂት ነው።

«እኔ ለማሸነፍ ነው የምጫወተው። ሳልነግርህ እንዳላደርገው ብዬ ነው።»

ደረሰ ወደ ተስፋው አየ፤ ተስፋው ዓይኑን ሰበረ። «ለአጎትህ ልጅ ብለህ ነው» አለ ደረሰ።

«ለእሱም ነው።»

«እኛስ? አብረንህ ስንሮጥ የከረምነው እኛ ምንህ ነን? ማርቆስ ላይ ስልሳ ሲያገቡብን የኔታ መጥተው ይከላከሉልሃል?»

ደረሰ የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። ጮቄን አያሸንፉትም፤ ይህን ክንዱም ያውቃል።

«ኳስ አይደርስህም» አለ ደረሰ፤ ሄደ።

እንዳለውም አልደረሰውም። ፊሽካው ከተነፋ ጀምሮ ኳሷ ከደረሰ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ደረሰ ስትሄድ ክንዱ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። የላህ ልጆች ይወረውራሉ፤ ግን የሰሌዳውን ጫፍ እየመቱ ነው። መምህር ሃይለ ሚካኤል ከዳር «ምን ነካችሁ ልጆች? ጾሙ ጣላችሁ?» ይላሉ። ተመልካቹ ያጉረመርማል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የይርሳው ድምፅ ነው፤ «አይዞህ ክንዱ» ይላል፤ ድምፁ ሻክሯል።

የሽንዲ ልጆች ምንም አያውቁም። ከመካከላቸው አንዱ የተቀደደ ጫማውን በገመድ ጠፍሮ ይሮጣል። አንድ ባገባ ቁጥር ፊቱ ያበራል። ክንዱ ያንን ፊት ማየት ከበደው። ልጁ የሚደሰተው በራሱ ጉልበት ያገኘው መስሎት ነው።

ከእረፍት በኋላ ክንዱ ኳስ የሚሰጠውን ሰው መጠበቅ ተወ። ከሽንዲ እጅ እየነጠቀ፣ ከቀለበቱ ተመልሳ ስትወርድ እየዘለለ ይይዛታል፤ ብቻውን ይሮጣል። አንዳንዱን ያገባል፤ ብዙውን ይቀሙታል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ተስፋው ከቀለበቱ ሥር ኳሷን ይዞ ቆመ። ደረሰ «ወዲህ» አለው። ተስፋው ደረሰን አየ፣ ክንዱን አየ። ከዚያ ኳሷን ለክንዱ ወረወረለት። ክንዱ አገባት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሆኑ፤ ልዩነቱም እየጠበበ መጣ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሽንዲ በአንድ ነጥብ ይመራል። ክንዱ ኳሷን ይዞ ሲዘል፣ ባለ ገመዱ ልጅ እጁን መታው። ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው ሁለት ጣታቸውን አወጡ፤ ሁለት የቅጣት ውርወራ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ይርሳው ፊቱን በነጠላው ሸፍኗል። ክንዱ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ኳሷን መሬት ላይ ነጠር ነጠር አደረጋት፤ ወረወረ። ኳሷ ቀለበቱን መታች፣ ላዩ ላይ ዞረች፣ ወደ ውስጥ ወደቀች። እኩል ሆኑ። ጩኸቱ ተነሣና ዳኛው እጃቸውን ሲያነሡ በረደ።

ደረሰ ቀስ ብሎ አጠገቡ መጣ፤ ማሊያውን የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ።

«ክንዱ» አለ፤ በንዴት አይደለም፣ እየለመነው ነው። «ይችን ሳት። ጠበቅ አድርገህ ወርውራት፣ በቃ። የቅጣት ውርወራ ማንም ይስታል። ይርሳውም አይቀየምህም፤ ጥረሃል ይልሃል። ማንም አያውቅብህም።»

እውነቱን ነው። ቢስታት ማንም አያውቅበትም። ይርሳው ራሱ መጥቶ ትከሻውን ይዞ ያጽናናው ነበር። ክንዱ ደረሰን አየው። ላብና አቧራ ፊቱ ላይ ተቀላቅሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አብረው ሮጠዋል።

«አዝናለሁ ደረሰ» አለ።

ወረወረ። ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ ገባች፤ ላህ በአንድ ነጥብ መራ።

ጨዋታው አላለቀም። ሽንዲዎች ኳሷን ፈጥነው አነሡ። ባለ ገመዱ ልጅ በግራ በኩል ይዞ እየበረረ ነው፤ እሱን መያዝ የደረሰ ድርሻ ነበር። ደረሰ መሐል ሜዳ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ክንዱ በአጠገቡ አልፎ ወደ ኋላ ሮጠ። ደረሰ ይከተለው አይከተለው ዞሮ አላየም። ራሱ በሚይዘው ልጅና ደረሰ በተወው ልጅ መካከል፣ ከቀለበቱ ሥር ደርሶ ቆመ፤ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ የሚመጣውን ልጅ ጠበቀ።